ገብስ መርዝን የሚያስርበት መንገድ

በበየዳና በደባርቅ ደጋ ገብስ ዋናው እህል ነው፤ በስሜን ከ3500 ሜትር ከፍታ በላይ እንኳ ይዘራል። ማሳው ለምለም ከሆነ አፈሩም ፍሬውም ጤነኛ ነው ማለት የተለመደ ነው። የገብስ ሕዋስ አሠራር ግን ይህን እምነት አይደግፍም፤ ገብስ ከመርዝ የሚተርፈው መርዙን አጥፍቶ ሳይሆን አስሮ ነውና። ዝናብ የበዛበት የደጋ አፈር ካልሲየሙ እየታጠበ ሲሄድ ይኮመጥጣል፤ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድም በሸክላው ውስጥ ተይዞ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟል። የሚጎዳው በመጀመሪያ የሥሩን ጫፍ ነው። ሥሩ አጥሮ ይወፍራል፤ ውኃና ፎስፈረስ መሳብም ይሳነዋል። ገብስ ከብርዕ ሰብሎች መካከል ለዚህ ጉዳት እጅግ ተጋላጭ ቢሆንም የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉት። ምክንያቱን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይተዋል፦ ዝርያዎቹ ሲትሬትን፣ ያንኑ በሎሚ ውስጥ ያለውን አሲድ፣ ከሥሩ ጫፍ ወደ አፈር የሚያወጣ ፕሮቲን አላቸው። ሲትሬቱ አሉሚኒየሙን እደጅ ይይዘዋል። ሥሩ ይድናል፤ አፈሩ ግን እንደኮመጠጠ ነው።

የሻጋታው ነገር ይበልጥ ያሳስባል። ፉዛሪየም የተባለው ሻጋታ እርጥበት ሲበዛ ዛላውን ይወርና ዲኦክሲኒቫሌኖል የተባለ መርዝ ይለቃል፤ መርዙም ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ያውካል። ገብስ በምላሹ መርዙ ላይ ግሉኮስ ይለጥፍበታል፤ ግሉኮስ የተለጠፈበት መርዝ ራይቦዞሙን መያዝ ያቅተዋል። ለተክሉ ጉዳዩ እዚህ ላይ አበቃ። ለሚበላው ሰው ግን አላበቃም፤ በአንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ግሉኮሱን አላቅቀው መርዙን ይፈቱታል። ለቆሎና ለበሶ መቁላቱም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ መርዙ ሙቀት ይችላል።

ወደ አፈሩ ስንመለስ፣ አሉሚኒየምን የሚቋቋም ዝርያ ካለ የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚቀንሰው ኖራ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኖራ በሄክታር በቶን ስለሚቆጠር ወደ በየዳ ተራሮች ማድረሱ ከባድ ነው፣ ማረሻ ከማይደርስበት አፈር ለመዝለቅም ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዝርያው የግድ ነው። ነገር ግን አፈሩን አያክመውም፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ማሳ ባቄላ ቢዘራ ችግሩ ይገለጣል። ዝርያ የሚመርጡ ባለሙያዎችም የዛላውን ጤንነት ብቻ አይተው ሊረኩ አይገባም፤ ገበሬው እጅ ከመድረሱ በፊት ነጻውም ከግሉኮስ ጋር የታሰረውም የሻጋታ መርዝ በፍሬው ውስጥ ይለካ።