የድረ ገጽ አድራሻ ሲለወጥ፦ የማዛወሪያ ሰነዶች ክለሳ ለተገልጋዮች ያለው ፋይዳ

የመንግሥት ተቋማት ስያሜና አደረጃጀት ሲለወጥ የድረ ገጾቻቸው አድራሻም ብዙ ጊዜ አብሮ ይለወጣል። ለአብነት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የቀድሞው ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር እና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሆኖ ለሁለት ተደራጅቷል። የቀድሞ አድራሻ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በታተመ ቅጽና በተገልጋዩ ስልክ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። ጅጋ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለውን አድራሻ የሚከፍት ነጋዴ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ምላሽ ካገኘ፣ በእጅ ስልኩ ሊጨርሰው ለሚችለው ጉዳይ የዞኑ መቀመጫ ወደሆነችው ፍኖተ ሰላም ለመሳፈር ይገደዳል።

ይህን ለማስቀረት ሰርቨሩ የቀድሞውን አድራሻ ተቀብሎ ወደ አዲሱ የሚያሸጋግርበት ደንብ ይጻፍለታል። አፓቼ በተባለው ሰርቨር ይህን የሚያከናውነው ሞድ ሪራይት የተሰኘ ክፍል ሲሆን፣ የተጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ደንቦቹ አጫጭርና ለመረዳት አስቸጋሪ በመሆናቸው፣ የሚያብራራ ሰነድ ከሌለ ከጻፋቸው ባለሙያ በቀር የሚያርማቸው አይገኝም።

በክለሳ ወቅት የበለጠ ትኩረት የሚሻው የፊደላችን ጉዳይ ነው። «ጅጋ» ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ በአድራሻ ሲላክ ግን እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት፣ አንዱ ባይትም በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ 18 ምልክት ይሆናል። ሞድ ሪራይት ደንቡን የሚያመሳክረው ምልክቶቹ ወደ ፊደልነት ከተመለሱ በኋላ ነው። ይህን የማይገልጽ ሰነድ የተከተለ ባለሙያ ምልክቶቹን እንዳሉ ይጽፍና ደንቡ ለምን እንደማይሠራ ሲፈልግ ይውላል። «ፍኖተ ሰላም» ደግሞ በ«ሰ» ወይም በ«ሠ»፣ ተነጥሎ ወይም ተያይዞ ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው፤ ለሰርቨሩ ግን አራት የተለያዩ አድራሻዎች። ስለሆነም ሰነዱ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹ ወደ እርሱ እንዲያመሩ ማዘዝ ይኖርበታል።

ሌላው የዝውውሩ ዓይነት ነው። 301 ቋሚ፣ 302 ጊዜያዊ ዝውውርን ያመለክታል። 301ን የድረ ገጽ መክፈቻዎች ስለሚያስታውሱት፣ ስህተቱ ሰርቨሩ ላይ ከታረመም በኋላ በተገልጋዩ ስልክ ሊቀጥል ይችላል፤ በመሆኑም በቅድሚያ በ302 መሞከሩ ይመረጣል። በሁለቱም ቢሆን ተሞልቶ የተላከ ቅጽ መረጃው መንገድ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ ቅጽ ለሚቀበሉ ገጾች 307 ወይም 308 ተገቢ ነው።

ተገልጋዮች ወደ ሌላ ገጽ በሚዛወሩበት ጊዜ የመለያ ቁጥራቸውን ከመሙላታቸው በፊት፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር አስቀድሞ ያለው የአድራሻ ክፍል «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» በሚለው የሚያበቃ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ይመከራል። «ገጹ አልተገኘም» የሚል ምላሽ ሲያጋጥማቸውም የተጠቀሙበትን አድራሻ ሙሉውን ቀድተው ለሚመለከተው ተቋም ቢያሳውቁ፣ የጎደለው ደንብ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስችላል።