ባለጸጋ ሰው ወደ ሕዝብ አገልግሎት ሲገባ

ከጉናጋዶ ተነሥቶ በደገሐቡር በኩል ጅጅጋ የደረሰ መንገደኛ፥ ወደ ገበያው ለመሄድ የሚሳፈርበትን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ባጃጅ ብሎ ይጠራዋል። ስሙ በሶማሌውም በአማራውም አፍ የተለመደ ነው፤ የአንድ ህንዳዊ ቤተ ሰብ መጠሪያ መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የቤቱ መሥራች ጃምናላል ባጃጅ ከንግድና ከፋብሪካ ሥራ ወደ ፖለቲካ የገባ ሰው ነበረ፤ ታሪኩም ሀብትና ሥልጣን በአንድ እጅ ሲገናኙ ሊደረግ የሚገባውን ያስተምራል።

ጃምናላል በ1882 ዓ.ም. በራጃስታን፥ በሲካር አጠገብ ከድኻ ቤት ተወለደ። ሕፃን ሳለም ባችራጅ የሚባል የዋርዳ ከተማ ባለጸጋ ነጋዴ እንደ ልጅ ልጅ አድርጎ ወስዶ አሳደገው። ወጣት በሆነ ጊዜ ሽማግሌው ስለ ጌጥና ስለ ልብስ ቢቈጡት፥ ከሀብታቸው ምንም እንደማይሻ በደብዳቤ ገልጾ ከቤት ወጣ፤ እርሳቸውም ለምነው መለሱት። ንብረቱን በወረሰ ጊዜ ግን ገንዘቡን እንደ አደራ ቈጠረው። የጥጥ ንግዱን አስፋፋ፤ የስኳር ፋብሪካም አቋቋመ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ራይ ባሃዱር የሚባለውን የክብር ስም ሰጠው።

በ1913 ዓ.ም. የህንድ ኮንግሬስ በናግፑር ሲሰበሰብ የእንግዳ ተቀባዮች ሊቀ መንበር ሆነ። ማሃትማ ጋንዲ አራት ወንዶች ልጆች ነበሯቸውና፥ አምስተኛ ልጅ አድርገው ይቀበሉት ዘንድ ለመናቸው፤ እርሳቸውም ተቀበሉት። ከዚህ በኋላ የክብር ስሙን ለእንግሊዝ መለሰ፤ የኮንግሬስም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ። በ1915 ዓ.ም. የኮንግሬስ ሰንደቅ ዓላማ በናግፑር እንዳይያዝ በተከለከለ ጊዜ ትግሉን በመምራቱ ታሰረ፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ በጨው ግብር ምክንያት በተነሣው እንቅስቃሴ እንደገና ወህኒ ወረደ።

ከሥራው ሁሉ ካህናት ይልቁን ሊመረምሩት የሚገባው በ1920 ዓ.ም. ያደረገው ነው። በትውልዳቸው ተንቀው የማይነኩ የተባሉትን ሰዎች፥ ቤተ ሰቡ በዋርዳ ወዳሠራው የላክሽሚናራያን ቤተ መቅደስ እንዲገቡ በሩን ከፈተላቸው፤ ስለዚህም የገዛ ወገኖቹ ተቃወሙት። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በደጋው፥ ጋቦዬ የሚባሉትም በሶማሌው አገር ሲናቁ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ያውቀዋል። ለባለጸጋ ገንዘብ መስጠት ብዙ አይከብደውም፤ የዘመዶቹን አክብሮት ማጣት ግን ይከብደዋል።

በእርግጥ ነቀፋ አይታጣም። ጃምናላል ፋብሪካውን አልተወም፤ የድኻ ሕዝብ ትግል በባለጸጋ ከረጢት መደገፉም ሊያሳስብ ይችላል። ነገር ግን ከፖለቲካ ያገኘው ወህኒ እንጂ ሚኒስትርነት አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጋንዲ በዋርዳ አጠገብ በሴጋኦን መንደር ሲሰፍሩም መሬቱን የሰጠ እርሱ ነው። በመጨረሻው ዘመኑ ለላሞች እንክብካቤ የሚሠራ ማኅበር ሲያገለግል ቈይቶ፥ የካቲት 4 ቀን 1934 ዓ.ም. ዐረፈ። ተሽከርካሪውን የሚሠራው ኩባንያ የተመሠረተው ከሞቱ በኋላ በ1938 ዓ.ም. ነው፤ የልጅ ልጁ ራሁል ባጃጅም ኩባንያውን ከመምራቱ ጋር ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. የህንድ የላይኛው ምክር ቤት አባል ነበረ።

ጅጅጋ የንግድ ከተማ ናት፤ ነጋዴውና ሹሙ በየቀኑ ይገናኙባታል። ነጋዴ ወደ ምክር ቤት ቢገባ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ሒሳብ ማወቁና ሥራ መውደዱ ለመንግሥት ይጠቅማልና። የሚያስፈራው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ምክር ይዞ የገባ እንደሆነ ነው። የአንድ ሰው ደግነት ለሌላው ዋስ አይሆንም፤ በ2002 ዓ.ም. የሹማምንት ሀብት እንዲመዘገብ አዋጅ ቍጥር 668 የወጣውም ስለዚህ ነው። አዋጁ ያለውን ይቈጥራል፤ የተሰጠውን ግን አይቈጥርም። በወንጌል የተነገረለት ባለጸጋ ጐልማሳ እያዘነ የሄደው በዚህ በሁለተኛው ቍጥር ነበረ። ወደ ሥልጣን የሚገባ ባለጸጋ ሁሉ ይዞት የሚገባውን ብቻ ሳይሆን፥ ትቶት የሚወጣውን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።