መውጫውን ጠይቀህ ግባ

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጀማሪ ሰሞኑን ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። የዕቁብ ዳኛ ለሆኑት እናቱ መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ዌብ አፕ በጃንጎ ሠርቷል። «ጋሼ፣ ሆስቲንግ ገዝቼ ጫንኩት፤ አልነሳ አለኝ» አለ። ከፍቼ ሳየው ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ብቻ የሚያስኬድ ጥቅል ነው። ጃንጎ ደግሞ ያለ ፓይተን አይነሳም። የዓመቱን ሂሳብ በቴሌብር ከፍሎ ጨርሷል።

«ለምን ይሄን መረጥክ?» አልኩት።

«ጊጋባይቱ ብዙ ነው።»

የ30 ሰው ዕቁብ የዓመት መዝገብ ተጠራቅሞ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም።

ቤት ስንከራይ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የጋራ ይሁን የግል እንጠይቃለን። ሆስቲንግም እንዲሁ ነው። የጋራው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ የሁሉም መብራት ይደክማል። ቪፒኤስ፣ ማለትም ለብቻህ የተከለለ ቨርቹዋል ሰርቨር፣ የራስ ቆጣሪ ነው፤ ፊውዙ ሲቃጠል ግን ቀያሪው አንተው ነህ። ሊኑክሱን ማደሱም፣ ፋየርዎሉን ማዋቀሩም የአንተ ሥራ ይሆናል። ለጀማሪ የምመክረው ፓይተን የሚያስነሳ ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ያለውን የጋራ ሆስቲንግ ነው።

የአገር ውስጡን የምመርጠው በብር ስለሚከፈልና ስልኩን የሚያነሳው ሰው አማርኛ ስለሚሰማ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ የዶላር ሂሳብ ሳይጨመርበትም በብር ሊወደድ ይችላል። ይሁንና ሻጩ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሰርቨሩ አውሮፓ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሽኑ የት እንዳለ ጠይቁ። የዕቁብተኛው ስምና ስልክ ቁጥር የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል።

ለልጁ አጥብቄ የነገርኩት ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛዬ ዳታቤዝ ከነባክአፑ ጠፋብኝ፤ ሁለቱንም አንድ ሰርቨር ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነበርኩ። ወደ ሌላ ሆስቲንግ ልዛወር ስል ደግሞ ዶሜይኑ የተመዘገበው በሻጩ ስም ሆኖ ተገኘ። የደንበኛዬን ስም ለማስመለስ ሁለት ወር ደጅ ጠናሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሆስቲንግ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መውጫው ነው፦ ዶሜይኑ በማን ስም ይመዘገባል? ባክአፑን ራሴ ማውረድ እችላለሁ? በወር መክፈል ይቻላል?

ልጁ ሦስቱንም ጥያቄዎች ሻጮችን በስልክ ጠየቀ፤ የደወለውም ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ስልኩ ይነሳ እንደሆነ ለማየት። ስልኩን ላነሳለት ሻጭ የአንድ ወር ከፈለ። አፑ በተነሳ ማግስት ባክአፑን አውርዶ ላፕቶፑ ላይ መልሶ አስነሳው። እናንተም ይህን ሳታደርጉ የዓመት አትክፈሉ።