ተጨማሪ መረጃ፦ ከመሬት ሽያጭ የተወለዱ ኮሌጆች

የአንጥረኛ ልጅ የሆነው ጀስቲን ሞሪል በ1810 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቨርሞንት ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ሱቅ ተቀጠረ፤ በኋላም ነጋዴ ሆነ። ከ1855 አንሥቶ በ1898 እስኪሞት በተወካዮች ምክር ቤት፣ ቀጥሎም በሴኔት አገልግሏል። ስሙን ያስጠራው ግን እሱ ያቀረበው፣ ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1859 ውድቅ ያደረገው፣ ሊንከን በ1862 የፈረመው ሕግ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ግዛት በእንደራሴዎቹ (በሴናተሮቹና በተወካዮቹ) ቁጥር ልክ፣ ለአንዱ 30,000 ኤከር (12,000 ሄክታር ገደማ) የመንግሥት መሬት ይሰጥ ነበር፤ አብዛኛው ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነበር። ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ እርሻና የቴክኒክ ሙያ የሚያስተምር «የመሬት ስጦታ ኮሌጅ» ይደገፍ ነበር። በ1950ዎቹ የዓለማያን (የዛሬውን ሐረማያ) እርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የረዳው የኦክላሆማ ኮሌጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። 2 ሴናተሮችና 8 ተወካዮች ያሉት ግዛት ስንት ኤከር ይደርሰው ነበር? አስሉ።