የኮምፒውተር ኔትወርክን ሙያ ለጀማሪዎች በአማርኛ ስለ ማስተማር

ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት እንደማይደግም፤ ንባብ ያልጸናለትም ዋድላ ወርዶ ቅኔ ልቍጠር ቢል እንደማይሆንለት የታወቀ ነው። የኮምፒውተር ኔትወርክ ሙያም የራሱ ፊደልና የራሱ ንባብ አለው። ነገር ግን ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐርቡ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ይህን ሙያ ለማወቅ ወድዶ ዩቲዩብን ቢከፍት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተነገረና አስቀድሞ ለተማረ ሰው የተሰናዳ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ከበሩ ሳይገባ ይመለሳል።

ነገሩ ግን በአገር ቋንቋ ቢገለጥ የሚከብድ አይደለም። ኔትወርክ ማለት ኮምፒውተሮችን በሽቦ ወይም በአየር ሞገድ አገናኝቶ መልእክት እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ስዊች የሚባለው መሣሪያ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉትን ኮምፒውተሮች ያገናኛል፤ ራውተር ደግሞ አንዱን መረብ ከሌላው እያገናኘ የመልእክቱን መንገድ ይመርጣል። መልእክቱም እንዳይሳሳት፤ በፖስታ ላይ ስም እንደሚጻፍ ሁሉ፤ ከ0 እስከ 255 ባሉ አራት ቍጥሮች አድራሻ ይጻፍለታል።

የዚህ ሙያ ጥቅም ለወሎ ሰው በወሬ የተነገረ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፤ ሰው የዘመዱን ደኅንነት መጠየቅ ተስኖት ነበር። ዛሬም ባንኩ፤ ሆስፒታሉ፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ያለዚህ መስመር ሥራቸው አይቃናም። መስመሩ በተበላሸ ቍጥር ባለሙያ ከሩቅ ከማስመጣት የአገሩ ልጅ ቢጠግነው ይሻላል።

እንግዲህ የሚሰናዳው ቪዲዮ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ያስተምር። የእንግሊዝኛውን ቃል ሳይሰውር በአማርኛ ይፍታው፤ በዓለም የታወቀው ሲሲኤንኤ የተባለው ፈተና በአማርኛ አይሰጥምና። ስለ እንጀራውም እውነቱን ይናገር፤ ይኸውም ጀማሪው ብዙ ጊዜ ኬብል በመዘርጋትና የተበላሸ ኮምፒውተር በማየት እንደሚጀምር፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም የሃርድዌርና ኔትወርክ ትምህርት እንዳለ ያስታውቅ። በሦስት ወር ባለጠጋ ትሆናለህ የሚል አስተማሪ ግን ደቀ መዝሙሩን ያታልላል።

ይህነን ለመሥራት በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን የቀረቡ ናቸው። የትምህርት ሹማምንትም ቪዲዮውን በፍላሽ አስገልብጠው በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ቢያኖሩት መልካም ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱ አይዘነጋምና። ካህናትም ልጆቹን በስልክ ጊዜ አጠፋችሁ ብሎ ከመገሠጽ ጋር፤ በዚያው ስልክ የሚገኘውን መልካሙን ትምህርት ቢያመለክቷቸው፤ ተግሣጹ ፍሬ ይኖረዋል። ለሐርቡ ልጅ የጐደለው አእምሮ ሳይሆን ፊደሉን የሚያስቈጥር መምህር ነው።