በሥራ ላይ ሳለ ስለሚደርቅ ኮምፒውተርና ምክንያቱን ስለ መመርመር

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በየአገሩ ድጓ ሲማር የኖረ ደቀ መዝሙር ወደዚያ ሄዶ ቃሉንና ምልክቱን በመምህሩ ፊት እያቀና ያስመሰክራል። ምልክት የሳተ ድጓ ቢገኝ ብራናው ሁሉ አይፋቅም፤ የሳተው ስፍራ ተፈልጎ እርሱ ብቻ ይታረማል እንጂ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ኮምፒውተር በገባበት ትምህርት ቤትና ቤት ግን መኪናው ሥራ ላይ ሳለ ሲደርቅ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከዚህ የተለየ ነው። ወይ «አርጅቷል» ብሎ በጨርቅ ይሸፍነዋል፥ ወይ በውስጡ ያለውን ሁሉ አስጠፍቶ ዊንዶውስን እንደ ገና ያስጭንበታል። ምክንያቱ ሌላ የሆነ እንደ ሆነ ከሳምንት በኋላ ያው ደዌ ይመለሳል፤ የጠፋው ጽሑፍ ግን አይመለስም።

ደዌው የሚታይበት መንገድ ሦስት ዓይነት ስለ ሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንደኛው ገጹ እንደ ሥዕል ተተክሎ ሲቀር ነው፤ ኪቦርዱን ቢመቱት አይሰማም፥ ማውሱን ቢገፉት ቀስቱ አይንቀሳቀስም። ይህን ሕዝቡ «ስታክ አደረገ» ይለዋል። ሁለተኛው ነጭ ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን ዘግቶ ሲከፍት ነው። ሦስተኛውም ምንም ሳያሳይ እንደ ተነፋ ኩራዝ ድርግም ሲል ነው። ድርግም የሚለው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ወይም የሙቀት ነገር ነው፤ በሁለቱ ግን ራም፥ ሃርድ ዲስክና ፕሮግራም ይጠረጠራሉ።

ከምርመራው ሁሉ በፊት ግን ጽሑፉን ማዳን ይቀድማል። የተማሪዎች ሮስተር፥ የፈተና ጥያቄ፥ የዕድር መዝገብም ቢሆን፥ ሳይቀመጥ በገጽ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ የሚኖረው ራም በሚባለው ክፍል ነው፤ ራምም ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ነውና መኪናው ሲወድቅ አብሮ ይጠፋል። የተቀመጠውም ቢሆን ሃርድ ዲስኩ የታመመ እንደ ሆነ በምርመራው መካከል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አስፈላጊው ሁሉ ወደ ፍላሽና ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ ሮስተሩም በወረቀት ይታተም። አንድ ፍላሽ ብቻ ይበቃል ማለት ስንፍና ነው፤ ፍላሽ ከኪስ ይወድቃልና።

መኪናው ያለ ምክንያት በድንገት ደረቀ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ስላልተመዘገበ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ከአጠገቡ ይቀመጥ። በደረቀ ቍጥር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ከተከፈተ ምን ያህል እንደ ቈየ፥ ምን ይሠራበት እንደ ነበረ፥ ከሦስቱ ምልክቶችም የትኛው እንደ ታየ ይጻፍ። ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ነገሩ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ በገበያ ቀን ጧት ጧት የሚበዛ ቢሆን፥ በዚያው መስመር ላይ የእህል ወፍጮ መኖሩን መጠየቅ ነው። በምሳ ሰዓት ቢበዛ፥ በዚያው ሶኬት ወይም በዚያው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣዱን ማየት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን መረዳት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በአንድ ሴኮንድም 50 ጊዜ ይመላለሳል። አንድ ሴኮንድ በሺሕ ቢከፈል አንዱ ምልልስ 20 ክፍል ይወስዳል ማለት ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሳፕላይ ይህን ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ እያደረገ ለየክፍሉ ያድላል። ኤሌክትሪኩ ለጥቂት ሲቋረጥ በውስጡ ባጠራቀመው ይታገሣል፤ ነገር ግን ሸክሙ ሲሞላ ትዕግሥቱ ከሺሑ 16 ወይም 17 ክፍል ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ምልልስ ያነሰ ነው። እንግዲህ አምፑሉ ደብዘዝ ማለቱን ሰው ልብ ሳይል ኮምፒውተሩ ሊወድቅ ይችላል። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ በወትሮው ሥራው ከሚስበው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል፤ ምጣድም ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። በረጅምና በቀጭን ሽቦ መጨረሻ ላይ ያለ ቤት በዚያ ጊዜ ቮልቱ ዝቅ ይልበታል። ፓወር ሳፕላዩ ያረጀ እንደ ሆነ ደግሞ ትዕግሥቱ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ሌሎች መኪናዎች ሲሠሩ አንዱ ብቻ የሚወድቀው ስለዚህ ነው።

ስታብላይዘርና ዩፒኤስ አንድ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ፤ አይደሉም። ስታብላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ፥ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ለተቋረጠ ጊዜ የሚሆን ስንቅ የለውም። ዩፒኤስ ግን ባትሪ ስላለው ጽሑፉን አስቀምጦ መኪናውን በሥርዓት እስኪዘጉ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደክማልና ጮኾ ወዲያው የሚጠፋ ዩፒኤስ እንደሌለ ይቈጠራል። ኤሌክትሪኩን የሚጠረጥር መምህር ደኅና ዩፒኤስ ተውሶ አንድ ሳምንት ይሞክር። በዚያ ሳምንት ሌላ ምንም ነገር አይለውጥ፤ ራሙንም አብሮ ቢለውጥ የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅምና።

ስለ ሙቀት የደጋ ሰው ቸል ይላል። ነፋስ መውጫ ብርድ ነው፥ ኮምፒውተር በምን ይሞቃል ይላል። ይህ በግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን በ3000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው፤ ማራገቢያው እንደ ወትሮው ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙዎቹ ሠሪዎችም ለኮምፒውተራቸው የሥራ ወሰን አድርገው የሚጽፉት ይህንኑ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። በዚህ ላይ የበጋ አቧራና የጭድ ብናኝ በማራገቢያው ከተጠራቀመ ብርዱ ብቻውን አያድነውም፤ በስማዳ ቈላማ ስፍራ ደግሞ ብርዱም የለም። ፕሮሰሰሩ በብዙዎቹ መኪናዎች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፥ ከዚያም ድርግም ይላል። ምልክቱ ከተከፈተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መውደቁ፥ ወዲያው ሲከፍቱት ደግሞ ቶሎ መልሶ መውደቁ ነው። ገመዱን ነቅሎ፥ ክዳኑን ከፍቶ፥ ማራገቢያውን እንዳይዞር በጣት ይዞ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ግን ጥፋት ነው።

ራም የሚጠረጠረው መውደቁ ሰዓትም ሥራም የማይመርጥ ሲሆን፥ ሰማያዊው ገጽም በየጊዜው የተለያየ ቃል ሲያሳይ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የኮምፒውተሩን ባዶ ብረት ነክቶ ከሰውነት ያለውን ኤሌክትሪክ ማውረድ፥ ራሙን አውጥቶ የናስ መልክ ያለውን ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ መፈግፈግና እስኪቈለፍ መልሶ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለት ራም ያለው እንደ ሆነ አንዱን ብቻ ትቶ ጥቂት ቀን መሞከር ነው። በዊንዶውስ ውስጥም ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል መመርመሪያ አለ። ሃርድ ዲስክ ሲታመም ግን ፋይል ሲከፈት ወይም ሲቀመጥ ይደርቃል፤ አንዳንዱም ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ይለወጥ፤ በማስታመም አይድንም።

መኪናው ራሱም የውሎ መዝገብ አለው። ኢቨንት ቪዩወር በሚባለው ውስጥ ከርነል ፓወር የሚል ስምና 41 የሚል ቍጥር ቢገኝ መኪናው በሥርዓት ሳይዘጋ መውደቁን ብቻ ይመሰክራል፤ ገዳዩን አይናገርም። ዲስክ ከሚል ስም ጋራ 7 ቢገኝ ግን በዲስኩ ላይ የተበላሸ ስፍራ አለ ማለት ነው። አዲስ ፕሮግራም ከተጫነ ወዲህ የጀመረ ከሆነ ያንኑ ማውጣት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽም ቫይረስ ያመጣል። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ ስለ ቆመ በእርሱ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ዓመቱን እየሳተ ቢመለስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ይህ ከመድረቁ ጋራ አብዛኛውን ጊዜ አይገናኝም፥ ብዙ ሰው ግን በእርሷ ያመካኛል።

በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል ቆመው የሚታዩት ካፓሲተሮች ራሳቸው ያበጠ ወይም ያፈሰሱ እንደ ሆነ ደዌው ከዚያ ነው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተሠሩት ብዙ መኪናዎች ላይ ይህ ብልሽት ደርሷል። ይህን መለወጥ የባለሙያ ሥራ ነው። የፓወር ሳፕላዩን ሣጥን ግን ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ማንም መምህር እንዳይከፍት፤ በውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። መኪናው ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሲላክ ደብተሩ አብሮ ይላክ፤ ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ሳይደርቅ ውሎ የሚመለስ ኮምፒውተር ብዙ ነውና።