እንጨት ገዢ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቃላት

ናይሮቢ ውስጥ እንጨት ሊገዛ የሚወጣ የእኛ ሰው የሦስት ቋንቋ ቃላት ያስፈልጉታል። ወላጆቻችን «ሞራሌ» ይላሉ፣ ሻጩ «ሁለት በሁለት» ይላል፣ አናጢው ደግሞ ሁሉንም «ምባኦ» ይለዋል። በዚህ መሀል ገንዘብ ይባክናል። ለቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ስናሠራ የለቀምናቸውን ቃላት እነሆ።

ሞራሌ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ ረጅም እንጨት ነው። ጣውላ ሰፊና ስስ ነው። ሞራሌ፣ ሰጋቱራና ኮላ ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ እዚህ የሚረዳቸው አታገኙም። ምስማር ግን አያስቸግርም፤ በስዋሂሊም «ምሱማሪ» ነው፣ ሁለቱም የዓረብኛ ዘመዶች ናቸው።

«ሁለት በአራት» የሚባለው በኢንች ነው፤ ወደ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን ከመጋዝ ሲወጣ ያለው ልክ ነው። በመላጊያ ሲላግ ይቀንሳል። «የተላገ ነው ወይስ ያልተላገ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሜትርም ይዛችሁ ሂዱ።

የዛፎቹ ስም የበለጠ ያደናግራል። በኬንያ እንጨት መሸጫዎች በብዛት የሚገኘው «ሳይፕረስ» የእኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። «ሴዳር» የሚሉት ደግሞ የሐበሻ ጥድ ነው፤ ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚ ይመረጣል። «ፖዶ» ዝግባ ነው። ኪኩዩዎች «ሙሪንጋ» የሚሉት ዋንዛ ነው፤ ይህን ስንሰማ እኛም ተገርመናል።

ከሁሉ በላይ ግን «ደረቅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱ። እርጥብ እንጨት ርካሽ ነው፣ ይከብዳልም። ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፣ በወርዱ ግን ይሸሻል። መሸሹም በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ የግንዱን የዕድሜ ቀለበት ተከትሎ የሚሸሸው ከመሀል ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚቆለመመው፣ የተገጠመ በር ከወራት በኋላ አልዘጋ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጣውላውን በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጮልቃችሁ እዩት፤ ጉጥ የበዛበትንም መጽሐፍ ለሚሸከም መደርደሪያ አትውሰዱ።

ኮምፔንሳቶ እንዲህ አያስቸግርም፤ ስስ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ በኮላ ስለተጣበቁ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ችፑድ ርካሽ ቢሆንም ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ለወጥ ቤት አንመክረውም።

ብርጭቆ ወረቀት ስትፈልጉ «ምሳሳ» በሉ። ስሙ ቅጠሉ ሻካራ ከሆነ፣ ድሮ እንጨት ይለሰልስበት ከነበረ ዛፍ የመጣ ነው።